የቤተሰብ አስታማሚዎች፦ የገንዘብ ድጋፍና የእፎይታ ጊዜ እንዴት ይገኛል?

እ.ኤ.አ. በ1984 በብሪታንያ ጃክሊን ድሬክ የተባሉ ባለትዳር ሴት ጽኑ የአካል ጉዳት ያለባቸውን እናታቸውን ወደ ቤታቸው አምጥተው ለማስታመም ሲሉ ሥራቸውን ለቀቁ። አገሪቱ እንዲህ ላሉ ሰዎች የምትከፍለው አበል ስለነበር በቀጣዩ ዓመት አመለከቱ። መልሱ አጭር ነበር፤ ከባላቸው ጋር የሚኖሩ ባለትዳር ሴት ስለሆኑ አበሉ አይገባቸውም ተባሉ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የወጣው ሕግ ይህን በግልጽ ደንግጎ ነበር፤ ባለትዳር ሴት ድሮም ቤት ውስጥ ስለምትውል ብታስታምም የሚቀርባት ደመወዝ የለም የሚል ግምት ነበረበት። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1986 ፍርድ ቤቱ ክልከላው በሴቶች ላይ የሚፈጸም አድልዎ መሆኑን ወሰነ። መንግሥትም ሕጉን ለወጠ።

ከሕጉ ላይ ክልከላው ተሰረዘ፤ ከጀርባው የነበረው ግምት ግን በብዙ አገሮች አሠራር ውስጥ ዛሬም አለ። የቤተሰብ አባል ሲታመም ሚስት፣ ሴት ልጅ፣ እህት ወይም ምራት ያለ ክፍያና ያለ ዕረፍት እንደምትቆም ታስቦ ሆስፒታሉ ሕመምተኛውን ያሰናብታል፣ አሠሪው የፈቃድ ቀን ይቆጥራል፣ መንግሥትም በጀቱን ይመድባል። ድጋፍ የሚፈልግ አስታማሚ በመጀመሪያ የሚገጥመው እንቅፋትም ይኸው ነው፤ የሕመምተኛው ስም በካርድ፣ በመድኃኒት ማዘዣና በመድን ሰነድ ላይ ሲሰፍር የአስታማሚው ስም ግን የትም አይመዘገብም። ስለዚህ የገንዘብ ድጋፍና የእፎይታ ጊዜ (አስታማሚው በሌላ ሰው ተተክቶ የሚያርፍበት ጊዜ) ፍለጋ የሚጀመረው ራስን በወረቀት ላይ እንዲታዩ ከማድረግ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህ ጽሑፍም በአብዛኛው የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነው።

የሥራው ስፋት ግን እንደማይታይ ሥራ አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2018 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ዙሪያ በየቀኑ 16.4 ቢሊዮን ሰዓት ያለ ክፍያ ለቤት ውስጥ ሥራና ለእንክብካቤ ይውላል፤ ከዚህም ሦስት አራተኛ የሚሆነውን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ የመርሳት በሽታ በ2019 በዓለም ኢኮኖሚ ላይ ያስከተለውን ወጪ 1.3 ትሪሊዮን ዶላር አድርሶት፣ ግማሽ ያህሉ የቤተሰብና የወዳጅ እንክብካቤ ዋጋ መሆኑን ገልጿል፤ እነዚህ ሰዎች በአማካይ በቀን አምስት ሰዓት ለእንክብካቤ ያውላሉ። በሌላ አነጋገር የዚህን በሽታ ግማሽ ወጪ የሚሸፍኑት ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች ናቸው።

እነሱም የሚከፍሉት ዋጋ አለ። አማርኛችን «አስታማሚ» የሚለውን ቃል ያወጣው ሕመም ከሚለው ቃል ሥር ነው፤ ቃሉም ከሕመምተኛው ጋር አብሮ መታመምን ያስታውሳል። በ1999 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት የትዳር ጓደኞቻቸውን የሚያስታምሙ አረጋውያንን ለአራት ዓመት ተከታትሎ ነበር። በማስታመሙ ሥራ ጫና ደርሶብናል ያሉት፣ የሚያስታምሙት ሰው ከሌላቸው እኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ የመሞት ዕድላቸው በ63 በመቶ የላቀ ሆኖ ተገኝቷል። እያስታመሙም ጫና አልደረሰብንም ካሉት ላይ ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ እፎይታ ለአስታማሚው እንደ ምርቃት የሚጨመር ነገር ሳይሆን የሕክምናው አንድ ክፍል ነው።

ወደ ፍለጋው እንመለስ። ድጋፍ ከሚሰጡት አገሮች በአብዛኞቹ በሩ የሚከፈተው በሕመምተኛው በኩል ነው። መጀመሪያ የሚገመገመው አስታማሚው ምን ያህል እንደደከመ ሳይሆን ሕመምተኛው ያለ ሰው እርዳታ ምን ማድረግ እንደማይችል ነው፤ መታጠብ፣ መልበስ፣ መብላት፣ መጸዳዳት፣ ከአልጋ መነሣት፣ መድኃኒትን በሰዓቱ መውሰድ እየተነሡ ይጠየቃሉ። ከዚያ የሚወጣው ደረጃ ወይም ነጥብ አበሉን፣ የረዳት ሰዓቱንና የእፎይታ ቀኑን ይወስናል። ብዙ ቤተሰቦች የሚገባቸውን የሚያጡት እዚህ ላይ ነው። ገምጋሚው በሚመጣበት ቀን ቤቱ ይጸዳል፣ ሕመምተኛው ታጥቦ ይለብሳል፣ «ራስህን ችለህ ትበላለህ?» ሲባልም በኩራት «አዎን» ይላል። አስታማሚዋም በሰው ፊት ላለማሳፈር ብላ ዝም ትላለች። ገምጋሚው ያየውን ይጽፋል፤ ሌሊት አራት ጊዜ መነሣቷን፣ ማንኪያውን የምትይዘው እሷ መሆኗንም አያውቅም።

መድኃኒቱ ማስታወሻ ደብተር ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል የተሠራውን ሁሉ ከነሰዓቱ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ስንት ሰዓት እንደተነሣች፣ ማጠቡ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ ሕመምተኛው ስንት ጊዜ እንደወደቀ፣ ስንት ጊዜ ከቤት ወጥቶ መንገድ እንደጠፋበት፣ ለመድኃኒት፣ ለመጓጓዣና ለንጽሕና ዕቃ ምን ያህል እንደወጣ። በእጅ የሚሠራው ብቻ ሳይሆን ማስታወስ፣ ማግባባትና አጠገብ ሆኖ መጠበቅም ሥራ ስለሆነ መመዝገብ አለበት፤ በተለይ በመርሳት በሽታ ላይ ዋናው ድካም መጠበቁ ነው። በግምገማው ዕለት የሚነገረው ደህና የዋለበት ቀን ሳይሆን የተለመደው ቀንና የከፋው ቀን ሊሆን ይገባል። ይህ ማጋነን አይደለም፤ እውነቱን በሙሉ መናገር ነው። ውሳኔው ከተነገረው ጋር የማይጣጣም ከሆነ በተወሰነው የጊዜ ገደብ ውስጥ በጽሑፍ ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ያው ደብተር ማስረጃ ይሆናል።

የአስታማሚው ጫና ራሱ የሚለካበት መንገድም አለ። በ1980 ስቲቨን ዛሪትና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት፣ ኋላም ተሻሽሎ 22 ጥያቄ የያዘው መጠይቅ በብዙ አገሮች ክሊኒኮች ይሠራበታል። አንድ አስታማሚ ሐኪሟን «እኔንም ጠይቁኝ፣ በካርዴም ላይ አስታማሚ መሆኔን ጻፉ» ብትል አንዲት መስመር የሕክምና ማስረጃ ታገኛለች፤ ያቺ መስመር ለአሠሪ፣ ለማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮና ለመድን ድርጅት የምትቀርብ ሰነድ ናት።

ገንዘቡን በተመለከተ አገሮች የተለያየ መንገድ መርጠዋል፤ ልዩነቱን ማወቅ የት መጠየቅ እንዳለብን ያሳያል። ጀርመን በ1995 የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን አቋቁማ ለቤተሰቡ ምርጫ ሰጠች፤ ባለሙያ ረዳት ቤት ድረስ ይመጣል፣ አለዚያም ገንዘቡ ለሕመምተኛው ተሰጥቶ ለሚያስታምመው ዘመድ ያካፍለዋል። በ2025 ይህ የወር አበል በሁለተኛው የእንክብካቤ ደረጃ 347 ዩሮ፣ በመጨረሻው በአምስተኛው ደረጃ 990 ዩሮ ነበር። ደመወዝ ሊባል አይችልም። ከገንዘቡ ይልቅ እኔ የምመዝነው ሌላውን ድንጋጌ ነው፤ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት የምታስታምምና በሌላ ሥራ ከ30 ሰዓት በላይ የማትሠራ ሴት የጡረታ መዋጮዋን የእንክብካቤ መድኑ ይከፍልላታል። ጡረታ የሚለው ቃላችን የመጣው መጦር ከሚለው ግስ ነው፤ እናቷን ስትጦር የኖረች ልጅ በእርጅናዋ ያለ ጡረታ መቅረቷ ደግሞ በየአገሩ የሚታይ ጉዳት ስለሆነ ይህ ድንጋጌ የጉዳዩን ሥር ነክቷል እላለሁ።

ጃፓን ተቃራኒውን መረጠች። በ2000 ሥራ ላይ የዋለው መድኗ ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰዎች መዋጮ ይሰበስባል፤ ለቤተሰብ ግን ጥሬ ገንዘብ አይከፍልም፣ አገልግሎት ብቻ ይሰጣል። ሕጉ በሚረቀቅበት ጊዜ የሴቶች ማኅበራት ገንዘቡ ምራቶችንና ሴቶች ልጆችን ይበልጥ ከአልጋው ሥር ያስራቸዋል ብለው ሠግተው ነበር። ሥጋቱ እውነት አለው፤ ትንሽ አበል ከሥራ ለመውጣት ሰበብ ሆኖ በኋላ መመለሻ ሊያሳጣ ይችላል። ሆኖም አገልግሎት ብቻ መስጠቱም አልበቃም፤ በጃፓን በየዓመቱ 100,000 ያህል ሰዎች ለማስታመም ሲሉ ሥራ ይለቃሉ።

በአሜሪካ ደግሞ አንድ ወጥ ሥርዓት የለም፤ የተበታተኑ በሮች አሉ። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሕመምተኞች የሚያገለግለው ሜዲኬድ የተባለው የመንግሥት የጤና መድን በብዙ ግዛቶች ሕመምተኛው ረዳቱን ራሱ እንዲመርጥ ስለሚፈቅድ ልጅ ወይም ሌላ ዘመድ ተቀጥሮ በሰዓት ሊከፈለው ይችላል፤ የትዳር ጓደኛ ይፈቀድለት እንደሆነ ግን ግዛቱ ይወስናል። በውትድርና አገልግሎት ላይ ጽኑ ጉዳት ለደረሰባቸው የቀድሞ ወታደሮች ቤተሰቦች በ2010 በወጣ ሕግ የወር ክፍያና በዓመት ቢያንስ 30 ቀን እፎይታ ተፈቅዷል። በ2000 የተቋቋመው ብሔራዊ የቤተሰብ አስታማሚዎች ድጋፍ መርሐ ግብር ደግሞ በየአካባቢው ባሉ የአረጋውያን አገልግሎት ቢሮዎች በኩል ምክር፣ ሥልጠናና የእፎይታ ሰዓት ይሰጣል። እነዚህ በሮች አንዱ ስለሌላው ስለማይናገሩ አንዱ ቢሮ «እኛ ዘንድ የለም» ሲል «የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ይላል። ሕመምተኛው ከሆስፒታል ሲወጣ ቤተሰቡን የሚያነጋግረው የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ይህን ለመጠየቅ ከሁሉ የተሻለ ሰው ነው፤ ሕመምተኛው ቤት ከገባ በኋላ ያንን ሰው ማግኘት ይከብዳልና።

ገንዘቡ ሲገኝ የሚመጡ ወጥመዶችም አሉ። በብሪታንያ የአስታማሚ አበል የሚያገኘው በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት የሚያስታምም ሰው ነው፤ በ2025 በሳምንት ከ196 ፓውንድ በላይ ደመወዝ ካገኘ ደግሞ አበሉ በጥቂቱ አይቀነስም፣ ሙሉ በሙሉ ይቆማል። ይህን ሳያውቁ በጥቂት ፓውንድ ወሰኑን ያለፉ ብዙ ሰዎች ከጊዜ በኋላ በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ መልሱ ተብለዋል። ስለዚህ የትኛውንም አበል ከመቀበል በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል፦ የገቢ ወሰኑ ስንት ነው፣ ይህ ገንዘብ ሕመምተኛው ወይም ቤተሰቡ የሚያገኘውን ሌላ ድጋፍ ይቀንሳል ወይ፣ ግብርስ ይከፈልበታል ወይ። ሁኔታ በተለወጠ ቁጥር፣ ለምሳሌ ሕመምተኛው ሆስፒታል ሲተኛ ወይም ደመወዝ ሲጨምር፣ ወዲያውኑ ማሳወቅና ያሳወቁበትን ቅጂ ማስቀመጥ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

የመንግሥት ገንዘብ በሌለበትም ሆነ ባለበት፣ በወንድማማቾችና በእኅትማማቾች መካከል የሚደረግ ስምምነት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አንዷ ሥራ ትታ ስታስታምም ሌሎቹ በስልክ «እንዴት አደሩ?» ይላሉ፤ ቅሬታው ለዓመታት ይከማችና በውርስ ጊዜ ይፈነዳል። ማን ስንት ሰዓት እንደሚሰጥ፣ ጊዜ መስጠት የማይችለው ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያዋጣ፣ ሕመምተኛው የራሱ ገቢ ካለው ለአስታማሚዋ በወር ምን እንደሚከፈላት በጽሑፍ ሰፍሮ በሁሉም ቢፈረም ነውር የለበትም። ውሉ ለሕግም ይጠቅማል፤ ድጋፍ በገቢና በሀብት ማጣራት በሚሰጥባቸው አገሮች ያለ ጽሑፍ ለልጅ የተላለፈ ገንዘብ ሀብት ለመሸሸግ የተሰጠ ስጦታ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ሕመምተኛው አሳቡን መግለጽ ሳይሳነው በፊት ውክልናውን ማስጨረስም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው።

ሥራቸውን ላልለቀቁ ሰዎች ደግሞ የአስታማሚ ፈቃድ አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው መመሪያ አባል አገሮች ለሠራተኛ በዓመት ቢያንስ አምስት የሥራ ቀን እንዲፈቅዱ ያስገድዳል፤ ክፍያውን ግን ለየአገሩ ትቶታል። ጃፓን ለአንድ ሕመምተኛ በድምሩ 93 ቀን በሦስት ከፍሎ ለመውሰድ ትፈቅዳለች፣ የደመወዙን 67 በመቶም ከሥራ መድን ትከፍላለች። በአሜሪካ የ1993ቱ ሕግ ብቁ ለሆኑ ሠራተኞች የሚሰጠው 12 ሳምንት ደመወዝ የለውም። ፈቃዱን ራስ ለማስታመም ከመጨረስ ይልቅ ዘላቂ መፍትሔ ለማደራጀት፣ ማለትም ለግምገማ፣ ለረዳት ፍለጋና ለቢሮ ጉዳይ ማዋል የተሻለ ይመስለኛል፤ ቀኑ ያልቃል፣ ሕመሙ ግን ይቀጥላልና።

አሁን ወደ እፎይታው እንምጣ። እፎይታ ማለት አስታማሚዋ ለተወሰነ ጊዜ ኃላፊነቱን ለሌላ ሰው በእርግጠኝነት አስረክባ መሄድ የምትችልበት ሁኔታ ነው። ረዳት ቤት መጥቶ ለጥቂት ሰዓት ሊተካት ይችላል፤ ሕመምተኛው ቀን ቀን ወደ መዋያ ማዕከል ሄዶ ማታ ሊመለስ ይችላል፤ ወይም ለቀናትና ለሳምንታት በእንክብካቤ ተቋም ሊቆይ ይችላል። በአሜሪካ ሜዲኬር በተባለው በዋናነት የአረጋውያን በሆነ የመንግሥት የጤና መድን የሚሸፈን የመጨረሻ ዘመን እንክብካቤ ውስጥ ያለ ሕመምተኛ በአንድ ጊዜ እስከ አምስት ቀን በተቋም ሊቆይ ይችላል፤ ብዙ ቤተሰቦች ግን ይህ መኖሩን የሚሰሙት ሕመምተኛው ከዚህ ዓለም ከተለየ በኋላ ነው።

አገልግሎቱ እያለ የማይጠቀሙበት ምክንያት ሁልጊዜ ገንዘብ አይደለም። «እናቴን ለማያውቃት ሰው ጥዬ?» የሚለው የኅሊና ክስ ከባድ ነው፤ ሕመምተኛውም «ካንቺ ሌላ ሰው እንዳይነካኝ» ሊል ይችላል። ይህን ስሜት ማቃለል አልፈልግም፣ ከፍቅር የመጣ ነውና። ነገር ግን አስታማሚዎች እፎይታ የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ ጉልበታቸው ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ ሕመምተኛው አዲስ ሰው የሚተዋወቀው በቀውስ መካከል ይሆናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ልምዱ ይከፋል፣ ሁለተኛ አይሞከርም። ቀደም ብሎ ተተኪው በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት ያህል አስታማሚዋ እዚያው ባለችበት ቢጀምርና ቀስ በቀስ እሷ እየራቀች ብትሄድ ግን ሁለቱም ይለምዳሉ።

ለተተኪውም አንድ ገጽ ጽሑፍ ይዘጋጅ። መድኃኒቱና ሰዓቱ፣ የአለርጂ ነገር፣ የሐኪሙ ስልክ መጻፋቸው የታወቀ ነው፤ የሚረሳው ግን ሌላው ነው፦ በምን ስም ሲጠሩት ደስ እንደሚለው፣ ሲደነግጥ ምን እንደሚያረጋጋው፣ በየትኛው ጆሮው እንደሚሰማ፣ ማታ መብራቱ ሲጠፋ እንደሚፈራ። ይህ ገጽ አስታማሚዋ ድንገት ብትታመምም ቤቱን ያድናል። ማን ቁልፍ እንዳለው፣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ማን እንደሚመጣ እዚያው ላይ ቢጻፍ የአደጋ ጊዜ ዕቅድም ይሆናል።

የገንዘብ ድጋፍና እፎይታ በተለያዩ ቢሮዎች ቢሰጡም በቤት ውስጥ ግን አይለያዩም። ተተኪ ለመቅጠር የማይበቃ አበል እፎይታ አይገዛም፤ በሥራ ሰዓት ብቻ የተፈቀደ የእፎይታ ሰዓትም ሌሊት እንቅልፍ ላጣች ሴት ብዙም አይጠቅማትም። ይህን የተረዱ አሠራሮች አሁን እየታዩ ነው። ጀርመን ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ለተተኪ አስታማሚና ለአጭር ጊዜ የተቋም ቆይታ ለየብቻ ይመደብ የነበረውን ገንዘብ አንድ ላይ አድርጋ በዓመት እስከ 3,539 ዩሮ ቤተሰቡ እንደሚመቸው እንዲጠቀምበት ፈቅዳለች፤ በዚያ ጊዜም የወር አበሉ ግማሽ እስከ ስምንት ሳምንት ይቀጥላል። አሜሪካም በሐምሌ 2024 በጀመረችው የመርሳት በሽታ የሙከራ መርሐ ግብር ብቁ ለሆኑ ቤተሰቦች በዓመት እስከ 2,500 ዶላር ለእፎይታ ብቻ መድባለች። በየትኛውም አገር ያለ ቤተሰብ ሲያመለክት ሁለቱን አያይዞ «ስንት ብር?» ብቻ ሳይሆን «በዚህ ገንዘብ የስንት ሰዓት ተተኪ አገኛለሁ?» ብሎ ቢያሰላ ጥያቄው ይጠራል።

እንዲህ ያለ ሥርዓት ባልተዘረጋባቸው አገሮች ፍለጋው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዞራል። የአንድ በሽታ ሕሙማን ማኅበራት፣ የእምነት ተቋማት፣ የጎረቤት ፈረቃና የአሠሪ በጎ ፈቃድ ያን ጊዜ ዋነኛ በሮች ናቸው። ከነዚህ እርዳታ የሚገኘው ጥያቄው ተቆርጦ ሲቀርብ ነው፤ «ምን ልርዳሽ?» ለሚል ሰው «ምንም» ከማለት «ማክሰኞ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አጠገቧ ቁጭ በልልኝ» ማለት ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ለሚያስታምሙ ያዘጋጀው «አይሰፖርት» (iSupport) የተባለ የኢንተርኔት ሥልጠናም ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ተተኪ ባይሆንም ሥራውን ያቀልላል።

ስለ አንድ ነገር ግን አስቀድሞ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው፤ ሕመምተኛው ሲያርፍ የአስታማሚዋ ገቢም አብሮ ይቆማል። በብሪታንያ አበሉ ከሞት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ሳምንት ብቻ ይቀጥላል፤ በሌላ ቦታ በዚያው ወር ሊቋረጥ ይችላል። በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ከሥራ የራቀችባቸውን ዓመታት ለአሠሪ ማስረዳት፣ የጡረታ መዝገቧን ማስመርመር፣ ምናልባትም በሕመምተኛው ስም የተከራዩትን ቤት ጉዳይ መጨረስ ይጠበቅባታል። ሰዓቱንና ቀኑን የመዘገበችበት ደብተር፣ የሐኪሙ ማስረጃና ከወንድሞቿ ጋር የፈረመችው ወረቀት ያን ጊዜም ያስፈልጓታልና አትጣላቸው።